ቄስ የጠላች መኪና

ሰው ሰውን ቢጠላ አይገርመኝም፤ ስንቱን አይቻለሁ። ድመት ውሃ ብትጠላም ተፈጥሮዋ ነው እላለሁ። መኪናችሁ ቄስ ትጠላለች ሲሉኝ ግን፣ እናንተዬ፣ ክው ነው ያልኩት። ይኸው እስከ ዛሬ ነገሩ ትዝ ሲለኝ እጄ ወደ አፌ ይሄዳል።

መኪናዋን ትቶልኝ የሄደው ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ኤሊ መሳይ ናት። ድብልብል ያለች፣ ሌላው መኪና ሁሉ ሞተሩን ከፊት ሲያደርግ እሷ እንደ አራስ ሴት በጀርባዋ ያዘለች። በሯ ሁለት ብቻ ነው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የሚገባው የፊቱ ወንበር ታጥፎለት ነው፤ ሲወጣም መጀመሪያ ፊት ያለው ሰው መውረድ አለበት። ይህቺን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፣ ኋላ ታስፈልገናለች። ባለቤቴ «ድንቡሼ» ይላት ነበር። እኔን በሙሽርነቴ ሲጠራኝ የነበረው በዚሁ ስም ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አንድ ስም ለሁለት ማካፈል ምን ይሉታል? ኋላ ግን እሷም እኔም እኩል እየከበድን ስንሄድ ተለማመድነው።

አሁን የሚነዳት ልጄ ታምራት ነው። ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ሥራም የሚሄደው በእሷ ነው። ሰፈራችን ሰው ሁሉ ያቺን ድምፅ የሌላትን የኤሌክትሪክ መኪና እየገዛ፣ ከኋላችን እንደ ሌባ ሳይሰማ መጥቶ ሲያልፈን፣ ታምራት ዘወር ብሎ ያየኝና እንሽጣት ይለኛል። በቁሜማ አትሸጥም እለዋለሁ። እንዲህ ስንባባል የድሮው ባትሪዋ ደከመና ታምራት አዲስ ገዛላት። ያውም የእሷን ልክ አይደለም፤ ለሚኒባስ የሚሆን፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ። ከእንግዲህ የባትሪ ነገር ተረሳ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ሲናገር እኔም ወንድ ልጅ ማሳደግ ደግ ነው ብዬ መርቄዋለሁ። ምርቃቴን ኋላ መልሼ ልወስደው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አሁን ወደ መምሬ ጥበቡ ልምጣ። የንስሐ አባቴ ናቸው። ቀጭን ናቸው፤ ነፋስ ሲነሳ ጃንጥላቸው እሳቸውን ይዞ የሚሄድ እንጂ እሳቸው ጃንጥላውን የያዙት አይመስልም። ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን ኮዬ ፈጬ እንሄዳለን፤ ወርቅነሽን ልንጠይቅ። ወርቅነሽ ክር ፋብሪካ አብራኝ ያረጀች ጓደኛዬ ናት። ኮንዶሚኒየም ደረሳትና እልል ብላ ገባች፤ አራተኛ ፎቅ። ከዚያ እግሯ ያዛት። አሁን ከአልጋዋ ሆና የምታየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ብቻ ነው። የሳምንቱ ፀሐይዋ መምሬ ናቸው፤ ጸሎት ያደርሱላታል፣ ጠበል ይረጯታል፣ ከዚያም ቁጭ ብለው የአቃቂን ወሬ ያወሩላታል። እኔ ወሬውን ሳወራላት ሐሜት ይሆንብኛል፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን እንደ ምክር ነው።

ታዲያ መኪናው ውስጥ ስንገባ ጋቢና ማን ይቀመጥ የሚል ክርክር አለ። እሳቸው ጉልበትሽን ያምሻልና አንቺ ከፊት ሁኚ ይሉኛል። ቄስ ከኋላ አጣጥፌ፣ እኔ ጋቢና ተንሰራፍቼ በአቃቂ መሃል ላልፍ? ሰውስ ምን ይለኛል፣ እግዜርስ? ስለዚህ ሁልጊዜ እኔ ከኋላ፣ በስተቀኝ፣ ከእሳቸው ጀርባ እቀመጣለሁ። በግራ በኩል የወርቅነሽ ስንቅ ይቀመጣል።

አንድ እሑድ እንዲሁ እንደ ልማዳችን ገባን። ታምራት ቁልፉን አዞረ። ጠቅ አለች። ደግሞ አዞረ። ጠቅ። ሌላ ድምፅ የለም፤ ሳል እንኳ የላትም። መገፋቷ ነው ተባለና መምሬ ወረዱ፤ ወንበራቸው ታጠፈ፤ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ጉልበቴን እየለመንኩ ተከትያቸው ወጣሁ። ታምራት ሊወርድ ሲል እስቲ የመጨረሻ ብሎ ቁልፉን ቢነካው ሞተሩ ድርርር ብሎ ተነሳ። ተመስገን ብለን ተመልሰን ገባን። አንዴ ከተነሳች ደግሞ ማን ገባ ማን ወጣ አትልም፤ እያንጎራጎረች ኮዬ ፈጬ አደረሰችን። ስንመለስ ግን ያው ሆነች። ጠቅ። ወረድን፤ ተነሳች። ከየበረንዳው ሰው አንገቱን አስግጎ ያየን ነበር። ኮንዶሚኒየም ስትኖር ቴሌቪዥን አያስፈልግህም።

በነጋታው ታምራት ሥራ ሲሄድ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። በማግስቱም። ሳሪስ አቦ ገበያ ይዞኝ ሲሄድ፣ እኔ ጋቢና ቁጭ ብዬ፣ ገና ቁልፉን ሲያይ የተነሳች ነው የምትመስለው። እሑድ መጣ፤ ጠቅ። የሚቀጥለው እሑድ፤ ጠቅ። በየመሃሉ ያሉት ቀናት ደግሞ ሰላም።

ታምራት አቃቂ በሰቃ ወዳለው ወደ ጀማል ጋራዥ ወሰዳት። ጀማል የስልጤ ሰው ነው፤ ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ፣ የባለቤቴም ወዳጅ የነበረ። ወሰዳት ግን ምን ዋጋ አለው? ጥርሱን ያመመው ሰው ሐኪም ቤት በር ሲደርስ ሕመሙ ጥፍት እንደሚለው፣ ጋራዡ በር ስትደርስ ጤነኛ ሆነች። ጀማል እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች አወጣ፣ አጸዳ፣ ለወጠ። ሞተሩን የሚቀሰቅሰውን ሞተሪኖ የሚሉትን ፈታ፣ አየው፣ መልሶ ገጠመ። ቁልፍ አዞረ፤ ተነሳች። ደግሞ አዞረ፤ ተነሳች። ሥራ ፈትተህ የምታመጣት እኔ ናፍቄያት ነው እንዴ አለው ታምራትን፤ ሠራተኞቹም ሳቁበትና መለሱት። እሑድ መጣ። ጠቅ።

እዚህ ላይ ነው እትዬ ዘነበች የገባችበት። ዘነበች ከበራችን ፊት ለፊት ከሰልና ሽንኩርት የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ሚዛኗ አንዳንዴ ይሳሳታል፣ ዓይኗ ግን አይሳሳትም። ስንገባ ስንወጣ ስታጠናን ከርማ አንድ ሰኞ ጠዋት ጠራችኝ። ሽንኩርት ልትመርቅልኝ መስሎኝ ቀረብኩ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ልብ ብዬ አይቻለሁ» አለችኝ። «መኪናችሁ የምትጠላው መምሬን ነው። ሲገቡ ትሞታለች፣ ሲወርዱ ትድናለች።»

አበስኩ ገበርኩ። የሰማሁትን ላለመስማት ጆሮዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ ግን ነገሩ አንዴ ከገባ ወዲያ ከውስጥ ነው የሚጮኸው። ቤቴ ገብቼ እያንዳንዱን እሑድ አንድ በአንድ አስታወስኩ። እውነትም ሲገቡ ጠቅ፣ ሲወርዱ ድርርር። ሳይገቡ ደግሞ ችግር የለም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ቁጭ ባልኩበት ላብ አጠመቀኝ።

ወሬ ደግሞ የነዳጅ ሰልፍ አይጠብቅም፤ እኛ ኮዬ ፈጬ ሳንደርስ እሱ ቀድሞ ደርሶ ደረጃውን ወጥቶ ነበር። አንዱ መኪናዋ ላይ የሰፈረ ክፉ መንፈስ አለ አለ። ሌላው ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም፣ ቄሱ የደበቁት ነገር ቢኖር ነው አለ። ዘነበች ደግሞ ባለቤትሽ ናቸው አለችኝ፤ ወንበራቸው ላይ ሰው ሲቀመጥባቸው ከፍቷቸው ነው። ባለቤቴማ በሕይወቱ ለእንግዳ አልጋውን የሚለቅ ሰው ነበር፤ ሞቶ ወንበር ይሰስት? መምሬ ራሳቸው መኪናዋን ጠበል ረጩ፣ ጸለዩባት፣ መስቀላቸውን መሪው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ገብተው ተቀመጡ፤ እኔም ከኋላ ገብቼ እጆቼን አጣምሬ አሜን አልኩ። ጠቅ።

የዚያን ቀን ፊታቸውን ባላየሁት ኖሮ።

ከዚያ በኋላ ሰው ይለወጥባቸው ጀመር። ፊት ለፊት የሚናገራቸው የለም፤ አገራችን እንደዚያ አይደለም። ግን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ጎረቤታችን ሊያስባርካት ቀጥሯቸው ሲመጡ ቢያይ፣ መኪናዋን አስነስቶ ሌላ መንገድ ገባ። ድምፅ ስለሌላት ስትሸሽ እንኳ አልተሰማችም። መምሬ መስቀላቸውን እንደያዙ ባዶ መሬት ላይ ቆመው ቀሩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፤ አይጧ ማን እንደሆነች ያኔ ባውቅ ኖሮ ግን ተረቱን ባልተረትኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጡ። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አቁመው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ውሃ ብቻ ነው የጠየቁኝ። ጠጥተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ገዳም ልገባ ነው» አሉኝ። «ብረት ያልተሸከመኝን እኔን ሕዝብ እንዴት ይሸከመኛል? የማላውቀው ኃጢአት አለብኝ ማለት ነው።»

እኔ ሐሜቱን ስሰማ የደነገጥኩት ለስማቸው ነበር፤ እሳቸው ሐሜቱን አምነውት ቁጭ ብለዋል። ወርቅነሽስ አልኳቸው። ሌላ ካህን ይሄድላታል አሉ፤ ሲናገሩ ግን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱ። ማን ነው የሚሄድላት? አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን ነው ወጥቶ የዘነበች ሚዛን እንደገና መሳሳቱን የሚያወራላት? እሷ እሑድን የምትቆጥረው በእሳቸው እግር ኮቴ ነው።

አለቀስኩ፣ ለመንኩ፣ አልሆነም። በመጨረሻ አንድ ነገር መጣልኝ። ይሂዱ፣ አልከለክልዎትም አልኳቸው፤ ግን አሁን ከሄዱ ሰው መኪና አባረረቻቸው ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ብቻ ከእኔ ጋር ጋራዥ ይምጡ፣ ባለሙያው ፊት ይቀመጡ፣ ከዚያ ወደፈለጉበት ይሂዱ። እሺ አሉ።

በማግስቱ ታምራት ድንቡሼን ይዞ ቀደመን፤ ብቻውን ስለሆነ በአንድ ቁልፍ ነው የተነሳችለት። እኔና መምሬ በባጃጅ ተከተልን። ባጃጇ ቄስም ባልቴትም ሳትለይ አደረሰችን።

ጀማል ነገሩን ሰምቷል፤ ማን ያልሰማ አለ? ታምራትን ወደ ጎን ወስዶ እኔ በሃይማኖታችሁ ነገር መግባት አልፈልግም፣ ሽቦ ከሆነ ሽቦውን ልይ፣ ሌላ ነገር ከሆነ ግን ጋራዤ ውስጥ አይሁን አለው። ከዚያ መምሬን አክብሮ፣ እጁን ጠርጎ፣ ልክ እሑድ እንደምትቀመጡት ተቀመጡልኝ አለን። እኔ ከኋላ ገባሁ፤ መምሬ ጋቢና ተቀመጡ። የጋራዡ ሠራተኞች መዶሻቸውን አስቀምጠው ከበቡን። ታምራት ቁልፉን አዞረ።

ጠቅ።

ጀማል ፊቱ በራ። ለካስ ሐኪም ደስ የሚለው በሽተኛው ሲታመምለት ነው። በስተመጨረሻ በዓይኔ አየሁት አለ፤ ከዚያ በጣም በትሕትና፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ አባታችን እስቲ ይውረዱ አላቸው። መምሬ አንገታቸውን ደፍተው ወረዱ። ሲወርዱ ያዩአቸው ዓይኖች ብዛት... አንድ ሰው በዚያ ሁሉ ዓይን መሃል ሲያልፍ ያጥራል፤ እሳቸው ደግሞ ድሮም ቀጭን ናቸው።

እኔም እንደ ልማዴ ተከትያቸው መውረድ ነበረብኝ። ወንበሩም ታጥፎልኛል። ግን እግሬ እምቢ አለኝ። ሐዘን ይሁን ጉልበት አላውቅም፣ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ጀማል ለታምራት ምልክት ሰጠው። ቁልፉ ዞረ።

ጠቅ።

መምሬ ውጭ ናቸው፣ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል፤ ድንቡሼ ግን እምቢ ብላለች። ታምራት ደግሞ ሞከረ፤ ጠቅ። ሰው ሁሉ መምሬን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ፣ አንድ በአንድ፣ ዓይኑ ወደ ኋላው መስኮት መጣ። ጀማል ጎንበስ ብሎ አየኝ።

«እማማ» አለኝ፣ «እስቲ እርስዎ ይውረዱ።»

እኔ? አልኩ። ታምራት ከውስጥ ገፋኝ፣ አንዱ ሠራተኛ ከውጭ ሳበኝ፤ ወረድኩ። ታምራት ቁልፉን ነካው። ድርርር።

እናንተዬ፣ የወረደብኝን ድንጋጤ በምን ልንገራችሁ? በሕይወቴ ባል ቀብሬያለሁ፣ ጎርፍ ቤቴ ገብቶብኛል፣ እንደዚያ ቀን ግን አልደነገጥኩም። ለካ ጋኔኗ እኔ ነኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አሜን እያልኩ ከኋላ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጀማል ማረጋገጥ አለብኝ አለና ይግቡ አለኝ፤ ገባሁ፣ ጠቅ። ይውረዱ አለኝ፤ ወረድኩ፣ ድርርር። ይግቡ፤ ጠቅ። እንደ መብራት ማብሪያ አደረገኝ። ሠራተኞቹ መሳቅ ፈርተው ጉንጫቸውን ነፍተው ቆመዋል። እኔ በልቤ ገዳም የሚገባው ሰው ተለወጠ እያልኩ ነው፤ ሴቶች የሚቀበል ገዳም የት እንዳለ አስባለሁ።

ጀማል የተቀመጥኩበትን ወንበር ብድግ አድርጎ አነሳው። ከሥሩ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ባትሪው። የድንቡሼ ባትሪ የሚቀመጠው ለካ ከኋላው ወንበር ሥር፣ በስተቀኝ ነው። ስንት ዓመት ስቀመጥበት አላውቅም ነበር፤ ማነው ወንበር ገልጦ የሚቀመጥ? የድሮው ባትሪ አጭር ነበር። የታምራት ጀግና ባትሪ ግን ቁመቱ ረዝሞ የወንበሩን ሽቦ ሊነካ ደርሷል። ስንቅ ቢቀመጥበት ምንም የለም። እኔ ስቀመጥበት ግን ሽቦው ይሰምጥና የባትሪው ራስ ላይ የታሰረውን ገመድ ይጫነዋል፤ ገመዱ ይላቀቃል፤ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። ስነሳ ወንበሩም ይነሳል፣ ገመዱም ቦታው ይመለሳል። በሯ ሁለት ስለሆነ እኔ እንድወርድ መጀመሪያ የሚወርዱት መምሬ ናቸው፤ ሰው የሚያየው እሳቸውን ነው። ከኋላቸው እየተንፏቀቀች የምትወጣ አሮጊት ማን ይቆጥራል?

ከዚያ ጀማል የወንበሩን ሥር ገለበጠና ሳቁ ጠፋ። የወንበሩ መጠቅጠቂያ አንዱ ጥግ ጠቁሯል፤ እንደ ተጠበሰ ነገር ጫፉ ተጨማድዷል። ሽቦው ባትሪውን እየነካ ሲያቃጥለው ኖሯል።

«እማማ፣ እሳት ላይ ነው ሲቀመጡ የከረሙት» አለኝ።

ታምራት ግድግዳውን ያዘ። ከንፈሩ ነጣ። መጥቶ ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ አስተካከለልኝ፤ የተስተካከለ ነጠላ ነበር። ምርቃቴን አልወሰድኩበትም።

ያኔ ነው ከኋላችን አንድ ድምፅ የሰማነው። መምሬ ነበሩ። ጃንጥላቸው ላይ ተደግፈው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ሮጥኩ። እየሳቁ ነው። ስንት እሑድ ያልሳቁትን አጠራቅመው ነው የሚስቁት። እንባቸውን በቀሚሳቸው እጅጌ ጠረጉና፣

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ጹሚ፣ ጹሚ ስልሽ ለነፍስሽ ብቻ መስሎሽ ነበር?»

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ጀማል ራሱ የያዘውን ወንበር ጥሎ መሬት ተቀመጠ። እኔም፣ ምን አደርጋለሁ፣ ሳቅኩ። ገዳሙን ለማንም አላነሳሁም፤ እሳቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ አላነሱትም።

ጀማል አጭር ባትሪ ገጠመላት፤ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦም ክዳን አበጀለት። ወንበሩን አደሰው። መምሬ ግን ስንለያይ አንድ ትእዛዝ ሰጡኝ። ሰው በሐሰት እንዳማኝ በሐሰትም እንዳያመሰግነኝ፣ እውነቱን ንገሪያቸው አሉኝ። ምክንያት ነበራቸው። ገና ከጋራዡ ሳንወጣ፣ መምሬ ጋራዥ ድረስ ሄደው ጋኔኑን በጃንጥላ መትተው አስወጡት የሚል ወሬ ሰፈር ደርሶ ነበር።

ሄድኩ ዘነበች ዘንድ። ሽንኩርቷ መሃል ቆሜ፣ ባትሪው እዚህ፣ ወንበሩ እዚህ፣ እኔ እዚህ እያልኩ፣ ክብሬን አውልቄ አስረዳኋት። አንዲት አሮጊት ስለ መቀመጫዋ ይህን ያህል በአደባባይ ተናግራ አታውቅም። ዘነበች ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየችኝ፤ መሃል ላይ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የንስሐ አባትሽን ስም ለመጠበቅ ብለሽ ራስሽን እንዲህ ማዋረድሽ ጽድቅ ነው፣ ግን እኔን አታታልይኝም አለችኝ፤ ጋኔን ነው የወጣው። ሽንኩርቱንም መረቀችልኝ። ያ ባለ ኤሌክትሪክ መኪና ጎረቤታችንም መጥቶ የመምሬን ጉልበት ሳመና መኪናውን አስባረከ።

እሑድ መጣ። ሰፈሩ የሚሆነውን ለማየት በየበሩ ቆሟል። ጋቢና ማን ይቀመጥ የሚለው ክርክር እንደ ድሮው ተደረገ፤ እኔ አሸነፍኩ። መምሬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ በስተቀኝ፣ የወርቅነሽ ስንቅ በግራ። ታምራት በመስተዋት አየኝ። ቁልፉን ሲያዞር ድንቡሼ ወዲያው ተነሳች፤ ዘነበችም ከበሯ እልልታዋን አቀለጠችው።

ጀማልን አምነዋለሁ። ክዳኑንም በእጄ ዳስሼ አይቼዋለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ቁልፉ ሲዞር የፊቱን ወንበር ጀርባ በሁለት እጄ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ከተቀመጥኩበት ትንሽ ከፍ ብዬ ነበር።